አንዴ የተዘጋ ማስታወቂያ

ጁኢ ፈተናው ያመለጣት በአምስት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ የሚያዝንላት ሰው ይበዛ ነበር። ያመለጣት ግን በግማሽ ቀን ነው። ከምትኖርባት ከቦግራ ከተማ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ከአባቷ ጋር የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደርሳ፣ ገና ጊዜ አለኝ ብላ ጥላ ስትፈልግ፣ ዘበኛው የመፈተኛ ካርዷን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «ልጄ፣ የናንተ ተራ ወደ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ዞሯል እኮ። ተፈትነው ሄዱ። አንቺ የት ነበርሽ?» አላት። ካርዱ ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል። ዘበኛው ግን ለውጡ ድረ ገጹ ላይ ከወጣ ሦስት ቀን እንዳለፈው፣ ሌላው ሰው አይቶ በሰዓቱ እንደመጣ እየማለ ነገራት። ጁኢ የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ አውቶቡሱ መለሳት።

አባቷ ሞታሌብ መድኃኒት ቤት አለው። የተከበረ ሰው ነው፣ ለቁጣም አይቸኩልም። በመልስ ጉዞው ሁሉ አንዲት ቃል አልወጣውም። ሲቆጣ የሚጮህ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ የት ላይ እንዳለ ይታወቃል።

የቤቱ ስምምነት የተሰወረ አልነበረም። ከሲራጅጋንጅ ከተማ አንድ የሸማ ፋብሪካ ያለው ቤተሰብ ጁኢን ለልጁ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ደግም ይሁን የሚያውቅ የለም። ሞታሌብ «ፈተናዋን እስክትወስድ ጠብቁኝ» ብሎ ነው የመለሳቸው። ካለፈች ትማራለች፣ ሲራጅጋንጆቹም ይሰናበታሉ። ካላለፈች ሌላ ዓመት የለም፤ ያ ዩኒቨርሲቲ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይፈትንም፣ ሌሎቹ ደግሞ ሩቅ ናቸው፣ አባቷ አይለቃትም። ጁኢ ጂኦግራፊ ነበር የምትፈልገው። በከተማው መሐል የሚያልፈው የካራቶያ ወንዝ ለምን ቦይ አክሎ እንደቀረ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠይቅ የሚመልስላት ሰው አጥታለች፤ ሄጄ ራሴ ላጣራው ትል ነበር።

ይህን ስምምነት ያመጣችው የሞታሌብ ታናሽ እህት ረህኑማ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያው ወንድሟ ቤት ነው የምትኖረው። «ሳትማታ» ከሚባለው አደባባይ ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ድረ ገጽ ትሠራለች። የገጹን መልክ፣ የቁልፎቹን አቀማመጥ፣ የጽሑፉን አደራደር የምታበጀው እሷ ናት። በቤቱ ውስጥ ስልክ ሲያስቸግር የምትጠራውም እሷው ናት። ጁኢ «ፉፑ» ትላታለች፣ የአባት እህት ናትና። ረህኑማ ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሟን በአክብሮት መጠሪያው «ባይጃን፣ ለጁኢ እኔ ዋስ ነኝ፤ ታልፋለች» ብላው ነበር። ሞታሌብም «ዋሷ አንቺ ከሆንሽ እሺ» አለ።

ማምሻውን አባትና ልጅ ሲገቡ ረህኑማ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር። የጁኢን ፊት እንዳየች ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«አልነበረም ፉፑ!» አለች ጁኢ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። «በአላህ እምላለሁ አልነበረም! ጠዋትና ማታ እከፍተው ነበር። ካርድ አውርዱ የሚለው ወጣ፣ አየሁት፣ አወረድኩ፣ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልወጣም!»

እናቷ ሼፋሊ የራሷን ስልክ ከፍታ ገጹን አወጣችው። ከአናቱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቢጫ ማስታወቂያ ተጋድሟል። የሰዓት ለውጥ፣ የካርድ ቁጥር ከዚህ እስከዚህ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። «ይኸው!» አለች ሼፋሊ። «እንኳን አንቺ እኔ ማንበብ የሚታክተኝ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደሽ ምን ስታዪ ኖረሻል?»

«የእኔ ላይ የለም! እየው አባባ፣ የእኔ ላይ የለም!»

ጁኢ ስልኳን ወደ አባቷ ዘረጋች። እዚህ ላይ ሞታሌብ ገና አልፈረደም ነበር። ድካሙ ፊቱ ላይ እየታየ እጁን ወደ ረህኑማ አመለከተ። «ለፉፑሽ ስጫት። እኔ ምን አውቅበታለሁ? ስልኩ ተበላሽቶ ከሆነ እሷ ትነግረናለች። ረህኑ፣ እስቲ እይው።»

ረህኑማ ስልኩን ተቀበለች። አየችው። በእርግጥም ማስታወቂያው የለም፤ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከሥሩ የሕንጻው ፎቶ፣ በቃ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ዓይኑን እስኪያርገበግብ ያህል አየችው። ከዚያ ጣቷ ሳያማክራት ሄደ። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ «አይታየኝም» የሚል ደንበኛ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ስልኩ ያስቀመጠውን የቆየ ትውስታ ጠርጎ ያጠፋና ገጹን እንደ አዲስ ይከፍታል። ረህኑማ ይህንን በቀን አሥር ጊዜ ታደርገዋለች። ከአሥሩ ዘጠኙ በዚያው ይድናል፤ ለምን እንደዳነ የሚጠይቅ የለም። አሁንም ጠረገችውና ከፈተችው።

ቢጫው ማስታወቂያ ወጣ።

«ይኸው ወጣ» አለች፣ ደስ ብሏት። አዎ፣ ደስ ብሏት ነበር፤ ያልሠራ ነገር ሲሠራ ደስ የሚላት ሰው ናት። ጁኢን ቀና ብላ ስታያት ነው ምን እንዳለች የገባት።

«ስልኩ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ ሞታሌብ።

«ደህና ነው ባይጃን።»

«ማስታወቂያውም አለ።»

«አዎ... አለ።»

ሞታሌብ ወደ ልጁ ዞረ። «ጁኢ፣ ፈተና ያመልጣል። ሰው ነሽ፣ ትረሻለሽ። ረሳሁ ብትዪኝ፣ ያቺን በር ይዤ አብሬሽ አልቅሼ ሌላ መላ እንፈልግ ነበር፤ ሩቅም ቢሆን። አንቺ ግን እዚያ በር ላይ ማልሽልኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ማልሽልኝ፣ አሁንም እናትሽ ፊት በአላህ ማልሽ። በውሸት መማል! እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?» ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ለሲራጅጋንጆቹ ነገ እደውላለሁ።»

ረህኑማም አልማረቻትም። ዋስ የሆነ ሰው ሲዋረድ ይከፋል። ሌሊቱን ሳይሆን ወዲያውኑ፣ እራት እንኳ ሳይቀርብ፣ ጁኢ አልጋዋ ላይ በደረቷ ተደፍታ ሳለች ከበሩ ላይ ሆና «ረሳሁ ማለት ምን ይከብድ ነበር? እኔንም እኮ ነው ያዋረድሽኝ» አለቻት። ጁኢ ቀና አላለችም። «አልነበረም ፉፑ» አለች ትራሱ ውስጥ ሆና፣ ድምፅዋ እየከሰመ። ረህኑማ በሩን ዘግታባት ሄደች። በኋላ ይህንን ባሰበች ቁጥር ያቺ የበር ድምፅ ነበረች የምትመጣባት።

ስድስት ቀን አለፈ። ሲራጅጋንጆቹ ጣፋጭ ልከው ቀን ቆረጡ። ረህኑማ ሥራዋን ቀጠለች።

በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኒርመል ጎሽ ደወለላት። በከተማው በሸክላ ድስት ጣፋጭ እርጎ ከሚሸጡት አንዱ ነው፤ ገጹን የሠራችለት እሷ ናት። ሲያወራ ስልኩን ከአፉ ስለሚያርቅ ሁልጊዜ የሚጮህ ይመስላል።

«አፓ!» አለ፣ እህቴ ማለቱ ነው። «ስልኬ ጠልቶኛል እንዴ? የዛሬውን ማስታወቂያ፣ እርጎ በጠዋት አለቀ የሚለውን፣ ሚስቴ ስልክ ላይ አለ፣ የወንድሜ ሚስት ስልክ ላይ አለ፣ ያ ሰነፍ አማቼ ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። የእኔ ላይ ብቻ የለም! የሱቁ ባለቤት እኔ፣ የምከለከለውም እኔ!»

ረህኑማ ሳቀች። «ኒርመል ዳ፣ ወንድሜ፣ አይጨነቁ፣ የስልኩን ትውስታ—»

«የባለፈውን እኮ አይቼዋለሁ! የክረምት ሰዓት የሚለውን። አየሁት፣ ያቺን መስቀል ነገር ተጭኜ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ነው ያኮረፈኝ።»

ረህኑማ የጀመረችውን ትታ ቃላቱን በልቧ ደገመች። አየሁት፣ ዘጋሁት፣ ከዚያ ወዲህ ምንም። እነዚህን ቃላት በዚያው ቅደም ተከተል የሰማችው ከሰባት ቀን በፊት ነው፣ ጫማዋን ካላወለቀች ልጅ አፍ። ኒርመል «አሎ? አሎ አፓ?» ይላል። እሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የኒርመልን ገጽ ስትሠራ የማስታወቂያውን ሰሌዳ አዲስ አልጻፈችውም። ማንም አይጽፈውም። «መቀነት» ብላ የምትጠራው አንድ ቁራጭ ኮድ አላት፤ ገጹን ከአናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚታጠቅ ስለሆነ ነው እንዲያ ያለችው። እንደሱ ያሉ ሁለት መቶ ያህል ቁራጮች «ሣጥን» በምትለው አንድ ፋይል ውስጥ አሏት። ጠረጴዛ ለመደርደር፣ ፎቶ ለማሰለፍ፣ ቁልፍ ለማሳመር፣ ለሁሉም። እንደ ልብስ ሰፊ አብነት አንዴ ቆርጣ ያስቀመጠቻቸው ናቸው፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ ትገለብጥና ትለጥፋለች። ስድስት ዓመት በማሠልጠኛ ስታስተምር ለተማሪዎቿ ሁሉ ከፍታ የሰጠቻቸው እሱን ሣጥን ነው። «አትድከሙ፣ ገልብጡ» ነበር የምትላቸው። «የተሠራውን እንደገና የሚሠራ ሰው ትርፍ ዕድሜ ያለው ነው።» ልጆቹ ይስቁ ነበር። ከዚያ በየሰፈሩ፣ በየከተማው ተበተኑ፣ ሣጥኑን ይዘው።

የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፈተች። ከመልኩ ጀርባ ያለውን ኮድ አወጣችና ወደታች ሄደች። ረጅም መንገድ አልሄደችም። መቀነቱን አየችው፤ የሰፋችውን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ እንዳየች ሴት ወዲያውኑ አወቀችው። ቀለሙ እንኳ አልተቀየረም፤ ያው ቢጫ ነው።

መቀነቱን የጻፈችው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በኢድ ሰሞን፣ ለአንድ የሳሪ ሱቅ ነው። ባለሱቁ «ቅናሹን ይዩት፣ ግን አንዴ የዘጋ ደንበኛ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይሰለች» አላት። እሷም ሰውየው የመዝጊያዋን ምልክት ሲጫን ስልኩ ውስጥ «ታይቷል» የምትል አንዲት ቃል እንድትቀመጥ አደረገች። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ቃሏ ካለች መቀነቱ ይደበቃል፤ ከሌለች ይወጣል። ለአንድ ማስታወቂያ ሸጋ ነው። ማስታወቂያው ሲቀየር ግን ቃሏ ያችው ናት፤ የትኛው እንደታየ አትጠይቅም። አንዱን አይቶ የዘጋ፣ የሚመጣውን ሁሉ እንዳየ ተቆጥሮ ይታለፋል። ምንም ያልዘጋ ዝርክርክ ሰው ግን ሁሉንም ያያል። ሼፋሊ አይታዋለች። በወጉ አንብባ፣ የታዘዘችውን አድርጋ፣ በወጉ የዘጋችው ጁኢ ብቻ አላየችም። ረህኑማም ያን ማታ የስልኩን ትውስታ ስትጠርግ ያጠፋችው ይህችኑ ቃል ነው።

ይህንን ረህኑማ አታውቅም ነበር ማለት ቢቻል ጥሩ ነበር። ኮዱ ውስጥ ከዚያች ቃል በላይ፣ ገጹን የሚያይ ሰው የማይታየው፣ ለሠሪው ብቻ የተተወ አንድ መስመር አለ። በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ አጻጻፍ እንዲህ ይላል፤ «ማስታወቂያ በተቀየረ ቁጥር ይህ ቃል አብሮ መቀየር አለበት። አሁን ጊዜ የለም፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ። ረህኑማ።» ቀኑም ተጽፏል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስንት ሰው እንደገለበጠው አላህ ይወቅ፣ ያቺም መስመር አብራ ስትገለበጥ ኖራለች። ያነበባት የለም። ወይም አንብቦ «እሷ ታስተካክለዋለች» ብሎ አልፏል።

የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ማን እንደሚሠራ አጠያየቀች። ከሁለት ስልክ በኋላ ተገኘ። ሾይኮት ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት የተማረ፣ ከፊት ወንበር የማይጠፋ ልጅ።

«ረህኑማ አፓ! እርስዎ ነዎት? አላህ ይመስገን፣ በምን አስታወሱኝ?» ድምፁ በደስታ ይጮሃል። «እኔ እኮ ዛሬም የምበላው በእርስዎ ሣጥን ነው።»

«ሾይኮት፣ ስማኝ። የማስታወቂያው መቀነት ችግር አለበት። አንዴ የዘጋው ሰው አዲሱን አያይም።»

የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሲመታ በስልኩ ይሰማል። «ቆይ... ቆይ አፓ... ያ ረቢ! እውነትዎን ነው። እንዴት ሳላየው? ለዚህ ነው አንዳንድ ልጆች በር ላይ ሲያለቅሱ የነበሩት! አርባ ምናምን ሆነው ነበር፤ የፈተና ክፍሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ መለሳቸው።»

«አርባ?»

«ምናምን። ቆይ አንድ ደቂቃ...» ቁልፎቹን እንደገና መታ። «በቃ! አስተካከልኩት። ጫንኩት። የፈተናውንም ማስታወቂያ አነሳሁት፣ ጊዜው ስላለፈ። አሁን ንጹሕ ነው አፓ!»

«ሾይኮት፣ አንተ ልጅ!» ጮኸች። ከጎን ያሉት ዞረው አዩአት። «ማን አስተካክል አለህ? እንዲህ እንደነበረ ለሰው ማሳየት ነበረብኝ! ስሕተቱን ነበር የምፈልገው!»

ሾይኮት አልገባውም። ተማሪዋ ነው፤ ስሕተት ሲነገረው መጀመሪያ ማስተካከል ያስተማረችው እሷ ናት። «የድሮው ኮፒ ኮምፒውተሬ ላይ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ልላክልዎት?»

«ሾይኮት፣ ስሕተቱ የገጹ ነበር፣ የልጆቹ አይደለም ብለህ በወረቀት ጻፍልኝ። ለወንድሜ የማሳየው።»

«እጽፋለሁ አፓ። ግን ከጻፍኩ ጥፋቱ የሚጫነው እኔ ላይ ነው። ሁለተኛ ልጅ ተወልዶልኛል።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፤ «ደግሞ ኮዱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው።»

ማስፈራራቱ አልነበረም። እንደዚያ ብታስበው ይሻላት ነበር። የነገራት እውነቱን ነው። ኮፒውን ላከላት፤ ወረቀቱን ግን ዳግም አልጠየቀችውም።

በዚያው ቀን ወንድሟ ከዐሥር ሰዓቱ ሶላት ሲመለስ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደችና ላፕቶፑን በሚዛኑ አጠገብ ከፈተች። ሁሉንም ነገረችው። የሳሪውን ሱቅ፣ «ታይቷል» የምትለውን ቃል፣ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ያለችበትን መስመር። ከዚያ አሳየችው። «ይኸው ባይጃን፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ። ዘጋሁት። አሁን ሁለተኛውን አስገባሁ። አየህ? አይወጣም። ጁኢ ያየችው ይሄንን ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ።»

ሞታሌብ መነጽሩን አድርጎ በትዕግሥት አየ። ሁለት ጊዜ እንድትደግመው ጠየቃት፤ ደገመችው።

«ይሄን ገጽ የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አላት።

«ኮፒውን ሾይኮት ላከልኝ፣ መቀነቱን ግን አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንዲወጣ ብትፈልጊ ይወጣል፣ እንዳይወጣ ብትፈልጊ አይወጣም።»

«እሱማ—»

«ረህኑ» አለ፣ ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ እየከደነ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «ልጅቷን ትወጃታለሽ። ስድስት ቀን ሙሉ እህል አልበላ እንዳለሽ ሼፋሊ ነግራኛለች። እኔም አልበላ ብሎኛል። ግን ያን ቀን አንቺ ነሽ ስልኩን የያዝሽው። ማስታወቂያውን በዓይኔ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።»

«መጀመሪያ ስቀበለው አልነበረም! አይቼዋለሁ! ጠርጌ ነው ያወጣሁት!»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

መልሱ የሚነገር አልነበረም። ያልሠራውን ማሠራት ለምዳ፣ ያልሠራበትን ምክንያት ማየት ትታለች። ይህንን እንዴት ለሰው ይነግሩታል? አንዲት ሴት ለልጇ የሳል መድኃኒት ልትገዛ ገባች፤ ሞታሌብ ተነሣና ጠርሙሱን አወረደላት። ረህኑማ ላፕቶፑን ታቅፋ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሲመለስ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ለልጅቷ ብለሽ ራስሽን ጥፋተኛ ማድረግሽን አልረሳውም። አሁን ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሂጂ፣ አረፍ በይ።»

አዘነላት እኮ። እውነቱን ተናግራ ደግ ሰው ተባለች። ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ሪክሾዎቹ እየጠሯት፣ እሷ ሳትሰማ፣ እንባዋን በሻርፕዋ ጫፍ እየጠረገች።

ጁኢን ጣራው ላይ አገኘቻት፤ ልብስ እያነሣች ነበር። ረህኑማ ለወንድሟ የነገረችውን ሁሉ ነገረቻት። አንድም አላስቀረችም፣ ያቺን «በኋላ» የምትለውን መስመር እንኳ። ጁኢ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ አዳመጠች።

«ስለዚህ አልዋሸሁም?» አለች።

«አልዋሸሽም የእኔ እናት። አንድም ቃል አልዋሸሽም።»

ጁኢ ፊቷ ለአፍታ በራ። «አባባ ምን አለ?»

«አላመነኝም።»

ፊቷ ተመለሰ። አንሶላውን ፈታችና እንደገና አጠፈችው። «እኔም ራሴን አላምነውም ፉፑ» አለች ቆይታ። «ያን ቀን ካሳየሽኝ ወዲህ ማታ ማታ ሳስበው፣ ያየሁት ይመስለኛል። ቢጫ ነበር አይደል? የካርዴ ቁጥር በሁለተኛው መስመር ላይ። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳየው ይታየኛል። አይቼ ረስቼው ይሆናል።»

«ያየሽው ያን ቀን እኔ ሳሳይሽ ነው! ከዚያ በፊት አላየሽውም!»

«እሱን እንዴት አውቃለሁ?» አለች ጁኢ። የምሯን ነበር የምትጠይቀው።

ረህኑማ ልታቅፋት ብትሞክር አንሶላው በመሐላቸው ሆነ። ከታች ሼፋሊ «ልብሱ እስኪመሽ ድረስ ነው እንዴ የሚነሣው?» እያለች ተጣራች።

ረህኑማ ቢሮ ሄዳ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን መቀነት አስተካከለች። ለማስተካከል የፈጀባት አራት መስመር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጊዜ ያጣችለት ሥራ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የተስተካከለው ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው። የተገለበጠው የትም አለ፤ በየክሊኒኩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጀልባ ጣቢያው ገጽ ላይ። ኮፒ ከእጅ ከወጣ ተመለስ ቢሉት አይሰማም። ለተማሪዎቿ ሁሉ መልእክት ጻፈች። አብዛኞቹ የአውራ ጣት ምልክት ላኩላት። አንዷ «አፓ፣ አዲሱን ላኪልን፣ እንገልብጠው» አለች።

ለኒርመል ደውላ የእሱን አስተካከለችለት። «አሁን ስልኬ ታረቀኝ!» ብሎ ሁለት ድስት እርጎ ላከ። ሼፋሊ ለሠርጉ እንግዶች አቀረበችው።

ሙሽራዋ ከሠርጉ በፊት እርድ በምትቀባበት ቀን ቤቱ በሴት ሞላ። ጁኢ ቢጫ ሳሪ ለብሳ መሐል ተቀምጣለች። አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ የእናቷ ጓደኞች በየተራ መጥተው ጉንጯን፣ ክንዷን፣ መዳፏን በተፈጨ እርድ ይቀቧታል፤ አንዷ ስትስቅ ሁሉም ይስቃሉ። «ሲራጅጋንጅ ሄደሽ እንዳትረሽን!» ይላሉ። ጁኢ ፈገግ ትላለች። የረህኑማ ተራ ሲደርስ ጁኢ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ፉፑ፣ ስልኬ ትራሴ ሥር ነው። ለእማማ ልተውላት ነው፤ እነሱ አዲስ ገዝተውልኛል። ውስጡ ያለውን አጥፊልኝ። ማስታወሻዎቼን፣ የወንዙን ፎቶዎች፣ ሁሉንም። እጄ እርድ ሆነ፣ እኔ አልነካውም። እንደዚያ ቀን አድርገሽ አጽጂልኝ።»

ረህኑማ አልችልም ልትል ነበር። የሁለት ሴቶች ክርን ግን ከኋላዋ እየገፋት ነው፣ ተራው የሌሎች ነው። ሄደች፣ ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጣች፣ በሩ ላይ ቆመች፤ ጁኢ ከሴቶቹ መሐል አሻግራ ታያታለች። የካራቶያ ፎቶዎች ነበሩ፣ አንድ መቶ ምናምን፣ በየወሩ ከአንድ ድልድይ ላይ የተነሡ። ስልኩ ጠየቃት፤ እርግጠኛ ነዎት? የጠፋው ተመልሶ አይገኝም። ይህቺንም ጥያቄ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው አንዴ ጽፏት፣ ሌሎች ገልብጠዋታል። ረህኑማ «አዎ» የሚለውን ተጫነች። ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል።

ጁኢ በአገጯ ብቻ ጠየቀቻት፤ ጠፋ?

ረህኑማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጁኢ ወደ ሴቶቹ ዞረችና ሌላኛውን መዳፏን ዘረጋችላቸው።